ሦስት ነፋስ፣ አንድ ቁጥር

ጥር 6፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ባለቤቴ ናት። የተማሪ ደብተር ነው፤ ከጀርባው የማባዛት ሰንጠረዥ አለበት። "ከሥራ ስትመጣ የምታወራውን ሁሉ እዚህ ላይ ጻፈው፤ እኔ የሠላሳ ስምንት ልጅ ፈተና አርማለሁ" አለችኝ። እሺ። ሰሚ ያጣ ሰው ለወረቀትም ይናገራል።

የተራራው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ኃላፊ ነኝ። ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለት ተርባይኖች አሉኝ። "አሉኝ" ስል አማቴ "ነፋሱስ ያንተ ነው?" ይሉኛል።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከኅዳር ጀምሮ እኛ ዘንድ ናቸው። ሳንባቸው ደክሟል። አልጋቸው አጠገብ የኦክስጅን ማሽን ቆሞ ቀንና ሌሊት ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ እሱም ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ወደ ሲሊንደሩ እንሮጣለን። ሲሊንደሩ ሙሉ ከሆነ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያቆያል። ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆስፒታል ወስደን እናስሞላዋለን። ነፋሱ ሲያርፍ ይነሣል ተብሎ የተተከለ የናፍጣ ጄኔሬተር በከተማው አለ። አንዳንድ ቀን በአርባ ደቂቃ ይነሣል፣ አንዳንድ ቀን በሁለት ሰዓት፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይነሣም።

ዛሬ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። እኛን፣ ሐይቁ ዳር ያለውንና ሜዳው ላይ ያለውን ማመንጫ የሚያገናኘው መስመር ሥራ ይጀምር እንደሆነ ጥናት ይደረጋል ይላል። መስመሩ ከተዘረጋ ሁለት ዓመቱ ነው። እስካሁን የተገለገሉበት ወፎች ብቻ ናቸው። ማገናኛው ተዘግቶ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍበት ጥናት ያስፈልጋል ተብሎ ቆመ፤ ጥናቱን ለማስጀመር ደግሞ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር።

እኔ ተቃውሞ የለኝም። ግን የተራራ ነፋስ ሥርዓት ያለው ነፋስ ነው፤ ከሐይቅ ነፋስ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚማር እንጃ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

በችኮላ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ። አማቼ ነው፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የአማቴ የበኩር ልጅ፣ የሐይቁ ዳር ማመንጫ ኃላፊ።

"ስንት ልበል?"

"አራት፣ አምስት፣ አራት።"

"በቃ። ለሜዳውም እነግረዋለሁ።"

ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

የትናንቱን መልሼ ሳነበው ቅር አለኝ። ደብተሩ በክፉ እንዳይተረጉመኝ ላስረዳ።

ከሦስት ዓመት በፊት መመሪያ ወረደልን። እያንዳንዱ ማመንጫ የጠዋት፣ የቀትርና የማታ የነፋስ ፍጥነቱን፣ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በመዝገብ ያሰፍራል። ከሦስቱ ማመንጫዎች ያነሰ ቁጥር ያመጣው ኃላፊ ለምን እንዳነሰበት በሁለት ገጽ ያብራራል። በወር ሦስት ጊዜ ያነሰበት ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ነፋስ ያልነፈሰበት ምክንያት በሁለት ገጽ! አንድ ሰሞን ሞከርን። እኔ ስለ ደመናና ስለ ሙቀት አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ፤ የቀረውን ግማሽ ገጽ በሰላምታና በማኅተም ሞላሁት። የሜዳው ኃላፊ፣ እኛ "ዝምታው" የምንለው፣ "አልነፈሰም" ብሎ አንዲት ቃል ላከ። ማስጠንቀቂያው በማግሥቱ ደረሰው።

ከዚያ ተስማማን። ሦስታችንም አንድ ቁጥር ከጻፍን ያነሰ የለም። ያነሰ ከሌለ ማብራሪያ የለም። መጀመሪያ አካባቢ ሕሊና ነበረን፤ ሦስታችንም የለካነውን አቅርበን መካከለኛውን እንወስድ ነበር። አሁን ስልክ የተደወለለት ሰው አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል።

ይህ ውሸት አይደለም፤ ስምምነት ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው የወሩን ድምር ልክ አድርጎ ይቆጥራል። ማን ተጎዳ?

ጥር 15፣ ረቡዕ

ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ተራራው ላይ ቅጠል አይነቃነቅም፤ አሥራ ሁለቱም ተርባይኖች ፎቶ ሊነሡ የተሰለፉ ይመስል ቀጥ ብለዋል። ጄኔሬተሩ በሃምሳ ደቂቃ ተነሣ። ሲሊንደሩን የከፈተችው ከትምህርት ቤት ሮጣ የመጣችው ባለቤቴ ናት።

ማታ ልጠይቃቸው ገባሁ። አማቴ በየሦስት ቃሉ ይተነፍሳሉ፤ ስለዚህ ተረባቸው ተቆራርጦ ይደርሰኛል፤ ሲዘገይ ደግሞ የበለጠ ይጠዘጥዛል።

"ልጄን የዳርኩት... ለነፋስ አለቃ ነው... ብዬ ጎረቤት ላይ... ስኩራራ ነበር።"

"አለቃ ነኝ እንጂ ጌታው አይደለሁም እኮ፣ እማማ።"

"እሱማ... አየሁት።"

ጥር 20፣ ሰኞ

ለጥናቱ የተመደበችው መሐንዲስ መጣች። የሠላሳ ዓመት ሴት ብትሆን ነው። ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ ጫማው ጭቃ የነካው ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የሦስት ዓመት መዝገብ እፈልጋለሁ አለች። ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ደረደርኩላት። በሰማያዊ ቀለም፣ በማስመሪያ የተሰመረ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት።

"ጋሼ፣ እንዴት ያለ ንጹሕ መዝገብ ነው!" አለችኝ።

እውነት ለመናገር የልብ ልብ ተሰማኝ።

ጥር 24፣ ዓርብ

መሐንዲሷ ሻይ ስንጠጣ ጥናቱን አስረዳችኝ። እኔን ማስረዳት ባያስፈልጋትም ሰማኋት።

"ነፋስ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል" አለች፤ "ግን በሰፊ አገር ላይ ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ አይቆምም። እዚህ ሲያርፍ ሐይቁ ዳር ይነሣል፤ እዚያ ሲደክም ሜዳው ላይ ይነፍሳል። ሦስት ዘበኛ ያለው ግቢ ማለት ነው ጋሼ። አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ነቅቶ ይጠብቃል። ካገናኘናቸው ከፍ ዝቅታቸው እርስ በርሱ ይካካሳል፤ ከተማው ጨለማ ሳያይ ይከርማል። ከተራራቁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።"

"ሦስቱም አብረው ካንቀላፉስ?" አልኩ፤ ለምን እንዳልኩት እንጃ።

"እንደሱማ ከሆነ ሦስት መቅጠሩ ለምን ይጠቅማል?" ብላ ሳቀች።

በር ላይ ያለው ዘበኛችን ሰምቶ ተቀየመ። "እኔ በሥራዬ ላይ አንቀላፍቼ አላውቅም" አላት። መለኪያውን በየሰዓቱ ወጥቶ የሚያየው እሱ ነው፤ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያመጣልኛል። ወረቀቱን ተቀብዬ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ወዴት እንደምወረውረው ጠይቆኝ አያውቅም።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

አማቼ ደወለ። "ስንት ልበል?" ከማለቱ በፊት "ያቺ ልጅ ምን እየፈለገች ነው?" አለኝ። ከድምፁ በላይ ነፋሱ ይጮሃል፤ የሆነ ቆርቆሮ ይንኳኳል።

"መዝገብ እያየች ነው" አልኩት።

"መዝገባችን እንደሆነ ምንም አይወጣለትም!"

"አይወጣለትም።"

"እሺ፣ ስንት ልበል?"

በመስኮት አየሁ። ጎረቤት ያሰጣችው አንሶላ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። "ሦስት፣ ሦስት፣ አራት" አልኩት።

የካቲት 4፣ ሰኞ

መሐንዲሷ ዛሬ ፊቷ ልክ አልነበረም። "ጋሼ፣ የሚገርም ነገር አገኘሁ። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀር ሦስቱ ነፋሶች በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተለያዩም።"

"ጥሩ አይደለም እንዴ?"

"ጥሩ? የሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ልዩነት አለ እኮ! አንዱ ተራራ ነው፣ አንዱ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍም አላየሁ።"

መለኪያው አጠገብ ካልወሰዱኝ አለች፤ ወሰድኳት። እዚያው ቆማ ለአማቼ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"አሁን እርስዎ ጋ ስንት ይላል?"

"እ... ተራራው ስንት አለ?" አለ አማቼ።

ሳል ያዘኝ። እውነተኛ ሳል መሆኑን ለማሳየት ውኃ ጠየቅሁ፤ ዘበኛው ሮጦ አመጣልኝ። መሐንዲሷ ስልኩን ዘጋችና ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሸሚዜ በላብ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ውጤቱን አልወደደችውም፤ ግን እጇ ላይ ያለው መዝገብ ነው፣ ሌላ ምን ይዛ ትከራከር? ዛሬ የመጀመሪያውን ሪፖርት ላከች። ሦስቱ ማመንጫዎች አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ያርፋሉ፤ በመሆኑም ማገናኘቱ በመዝገቡ መሠረት ጥቅም የለውም። "በመዝገቡ መሠረት" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

እኔ ምን ልበል? መሐንዲስ አይደለሁም።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ጉድ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን አንብቦ በደስታ ሰክሯል። ሦስቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ ወፍራም መስመር የሆኑበትን ሥዕል አሳትሞ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል አሉ። ለሦስታችንም "ለተናበበ አሠራር" የምስክር ወረቀት ላከ። በደብዳቤው "በሌላ ዓለም ተበታትኖ የሚነፍሰው ነፋስ በኛ ተቋም በአመራር ብቃት አንድ ሆኗል" ይላል።

ከታች ደግሞ፦ መስመሩ ስለማያስፈልግ ይነሣል፤ ምሰሶዎቹ ተነቅለው የዋናውን መሥሪያ ቤት አጥር ለማጠናከር ይውላሉ። የመጨረሻው ውሳኔ በየካቲት 25 ስብሰባ ይጸድቃል።

የምስክር ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነው። ባለቤቴ "የት ልስቀለው?" አለችኝ። "ይቆይ" አልኳት። ለምን ይቆይ እንዳልኩ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁትም።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

አራት ሰዓት ከሩብ። መብራት ጠፋ።

ሲሊንደሩ ሰኞ ማታ መብራት ጠፍቶ ከተጠቀምንበት የተረፈ ነው። ግማሽ።

ባለቤቴ ደወለች። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም።

አምስት ሰዓት ተኩል። ሲሊንደሩ አልቋል። ሆስፒታል። በሩ ላይ ሰልፍ። እንደኔው ሲሊንደር የታቀፉ ሰዎች። አንዱ አወቀኝ።

"የነፋሱ ኃላፊ አይደሉም እንዴ?"

አይደለሁም አልኩ።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ትናንት በችኮላ የጀመርኩትን ልጨርስ።

ሰልፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ አማቼ ደወለ። ድምፁ አይሰማም፤ ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። እየጮኸ፦ "እዚህ ጣሪያ ሊነቀል ነው! የኛ ከተማ ይሄን ሁሉ አይችለውም፤ ስድስት ተርባይን አስቁሜያለሁ!" አለኝ። ቀጥሎ፦ "እናቴ እንዴት ናት?"

እናትህ ያለ ኦክስጅን ሃያ ደቂቃ ሆኗታል አላልኩትም። "ደህና ናቸው" አልኩ። እሱ ስድስት ተርባይን አስቁሟል፤ እኔ ባዶ ብረት ታቅፌ ተሰልፌያለሁ፤ በመካከላችን ሁለት ዓመት ሙሉ ተዘርግቶ ወፍ የሚሰፍርበት ሽቦ አለ። ይህን እያሰብኩ ሲሊንደሩን ከክንዴ አውርጄ መሬት ላይ አቆምኩት። አንዲት ሴት "ተቀመጡ አባቴ" ብላ ድንጋይ አሳየችኝ።

ሲሊንደሩን አስሞልቼ ስደርስ አማቴ መስኮቱ ላይ ተደግፈው ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ባለቤቴ በደብተር እያራገበችላቸው ነው፤ አየር እንደማይሆን እያወቀች። ቱቦውን ሳገናኝ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። እንደምንም ገባ። ቀስ እያሉ መለስ አሉ።

ጄኔሬተሩ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣ።

የጠዋቱን መዝገብ ማን ሞላው? እኔ። ተስማምተን "አራት" ብለናል። ተራራው ዜሮ ነበር፤ ሐይቁን አላውቅም። ከአሥር በላይ ይሆናል።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

አማቴ ጠሩኝ። ባለቤቴ ገበያ ሄዳለች።

"በሩን ዝጋው" አሉ። ዘጋሁት።

"ከዚህ አልጋ... እስከ ሳሎኑ ስልክ... አራት እርምጃ ነው። በየጠዋቱ እሰማለሁ። ልጄ ጋ ነፋሱ... ሲጮህ እሰማዋለሁ። አንተ... 'አራት' ትለዋለህ።"

የአልጋ ልብሱን ጠርዝ አስተካከልኩላቸው።

"እኔ ፊደል... አልቆጠርኩም። ግን አራት... እንደዚያ አይጮህም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ መመሪያው፣ ስለ ሁለት ገጽ ማብራሪያ፣ ስለ ዝምታው ማስጠንቀቂያ ነገርኳቸው። ሁሉንም። ረጅም ነበር። እያወራሁ ሳለ ነገሩ ለራሴም ቀሎ ተሰማኝ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ኃላፊ ሁለት ገጽ መጻፍ ሰልችቶት ነው በቃ፤ ከዚህ የተለየ ምክንያት የለኝም።

"እሱም... ያውቃል?" አሉኝ። ልጃቸውን ማለታቸው ነው።

"አብረን ነው እማማ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። "እኔ እኮ... ሁለታችሁ ስትደዋወሉ... የምትዋደዱ መስሎኝ... ደስ ይለኝ ነበር" አሉ።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ለአማቼ ደወልኩለትና ስብሰባው ላይ እናገራለሁ አልኩት።

"አብደሃል?"

"መስመሩ ሊነቀል ነው።"

"ታዲያ ይነቀላ! አንተ ተናግረህ ከወንበርህ ስትነሣ እናቴን ማን ያስታምማታል? በምን?"

"እናትህ ባለፈው ረቡዕ ልትሞት ነበር።"

"ደህና ናት አላልከኝም እንዴ?"

"ዋሸሁህ።"

ከጀርባው ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ከዚያ "ስሜን እንዳትጠራ" አለና ዘጋው። ለዝምታውም ደወልኩ። "እሺ" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሳልጠይቀው ዘግቶታል።

የካቲት 24፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ የምናገረውን ስጽፍ ስቀድ ዋልኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ ጥፋቱን በመመሪያው ላይ ይጥላል። ሁለተኛው በጊዜ እጥረት ላይ። ሦስተኛው በደንብ የተጻፈ ነበር፤ ሳነበው ማን እንዳጠፋ ጭራሽ አይታወቅም። የአሥራ አንድ ዓመት የደብዳቤ ልምድ እንዲህ ነው። ባለቤቴ አንብባ "ይሄ ሰውዬ ምን አድርጌያለሁ ነው የሚለው?" አለች። ለሷም ያን ጊዜ ነው የነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ ሦስቱንም ገጽ ሰረዘችና መልሳ ሰጠችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ክፍል ገባች፤ እራት እስኪቀርብ አልወጣችም።

ሌላም ነገር አስጨንቆኛል። ቃሌን ማን ያምነኛል? መዝገቡ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ተቃራኒው የታለ?

ቆይቶ የተጻፈ። በእግሬ ወደ ማመንጫው ወጥቼ ዘበኛውን ጠየቅሁት። "የእነዚያን ቁራጭ ወረቀቶች ቁጥር ሌላ የትም ጽፈኸው ታውቃለህ?"

"የትም አይደለም፤ በር ላይ ነው የምጽፈው" አለኝና የገቢና ወጪ መዝገቡን አመጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በመኪና ታርጋዎችና በእንግዶች ስም መካከል፣ በየሰዓቱ፦ "ነፋስ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሰባት ሆኖ ገባ።" "ነፋስ፣ ስድስት ሰዓት፣ አልመጣም።"

"ነፋስን እንደ እንግዳ መዘገብከው?"

"መመሪያው 'ወደ ግቢው የሚገባውን ሁሉ' ነው የሚለው፤ ይገባል አይደል እንዴ?" አለኝ።

አቀፍኩት። ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ስብሰባው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ስለ ነፋሶች አንድነት አርባ ደቂቃ ተናገረ። ወፍራሙን መስመር በዘንግ እያሳየ፦ "ይህ መስመር የኛ ራእይ ነው!" ሲል ተጨበጨበ። አማቼም አጨበጨበ፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነው።

እጄን አነሣሁ።

"መዝገቡ ውሸት ነው" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ቁጥሩን የምናመጣው ከስልክ ነው። ከተራራው የሚወጣውን የምፈጥረው እኔ ነኝ።" "እኔ" ማለቴን ልብ አልኩት፤ "እኛ" ብል ያምር ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ዘንጉን ይዞ ቆሟል። "ታዲያ አንድነቱስ?" አለ በመጨረሻ፤ የምር አዝኖ ነበር።

"ነፋሶቹ አንድ አይደሉም። አንድ የሆንነው ኃላፊዎቹ ነን።"

ዝምታው ከኋላ ተነሣ። በሦስት ዓመት ስብሰባ ላይ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። "እኔም ነኝ" ብሎ ተቀመጠ። አማቼ አልተነሣም። አንገቱን ደፍቶ የምስክር ወረቀቱን ጠርዝ በጣቱ ያጥፋል፣ ይዘረጋል።

መሐንዲሷ ያቀበልኳትን የዘበኛውን የበር መዝገብ ከፍታ ማንበብ ጀመረች። "ነፋስ፣ ስድስት ሰዓት፣ አልመጣም" የሚለው ጋ ስትደርስ ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ማገናኛው ተዘግቶ ሦስቱ ለአንድ ሳምንት ለሙከራ ይገናኙልኝ፣ ካልጠቀመ ምሰሶውን ራሴ እነቅላለሁ አለች።

ከብዙ ክርክር በኋላ ተፈቀደላት። ሥራ አስኪያጁ ግን ሙከራው "የነፋሶቹን አንድነት ይበልጥ የሚያጠናክር" ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዘ።

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ደብዳቤዬ ደረሰ። ከኃላፊነት ተነሥቼ እዚያው ማመንጫ መለኪያ አንባቢ ሆኛለሁ። ምክትሌ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል፤ ወንበሩን ከፍ አድርጎታል። ለዝምታው ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። አማቼንም አልማሩትም፤ እኔ ስሙን ባልጠራም መዝገቡ ይጠራዋል፤ ከደረጃው ዝቅ ብሏል። ለኔም፣ ለእህቱም ስልክ አያነሣም። ከእናቱ ጋር እንኳ ካወራ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው።

አማቴ አይጠይቁም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ግን አንገታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ማገናኛው ተዘግቶ መስመሩ ሥራ ጀመረ። መሐንዲሷ ከማገናኛ ጣቢያው ደውላ "ገብቷል ጋሼ" ብቻ አለች። ተራራው ላይ ደህና ይነፍስ ስለነበር ምንም አልተለየም። ትንሽ ቅር አለኝ። ሰው ያን ያህል ዋጋ ከፍሎ አንድ ነገር ቢፈነዳ እንኳ አይጠላም።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

በአምስት ሰዓት ነፋሱ ወደቀ። መለኪያው ዜሮ። አሥራ ሁለቱም ቆሙ። ለምክትሌ፣ ማለቴ ለኃላፊው፣ ቁጥሩን ሰጥቼ ፈቃድ ጠየቅሁና ቁልቁል ወደ ቤት ሮጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። የሱቁ ሰው "ምን ሆኑ?" ብሎ ተከተለኝ።

በሩን ስከፍት የጆሮዬ ጩኸት እስኪያባራ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ሰማሁት። ማሽኑ ያጉረመርማል። መብራቱ በርቷል። አማቴ ትራሳቸውን ተደግፈው አተር እየፈለፈሉ ነው።

"ምነው... ውሻ አባረረህ?"

"ነፋስ የለም እማማ። ተራራው ቆሟል።"

ወደ አምፖሉ አዩ፣ ወደ ማሽኑ አዩ። "ታዲያ ይሄ... የማን ነው?"

"ሜዳው ዛሬ ደካማ ነው። አብዛኛው ከሐይቁ ነው።" ማለት የነበረብኝን ለማለት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። "የልጅዎ ነው።"

የአተሩን ሳህን አስቀመጡ። "ደውልልኝ" አሉ። አያነሣም ብዬ ነበር፤ ከኔ ስልክ ስደውልም አላነሣም። ባለቤቴ ቤት ረስታው በሄደችው ስልኳ ደወልኩ፤ አሁንም ዝም። ሦስተኛው ላይ ሲነሣ ቶሎ ብዬ ሰጠኋቸው።

"ልጄ" አሉ። "የምተነፍሰው... ባንተ ነፋስ ነው... አሉኝ። እኔ ምን ገባኝ... ስለ ምሰሶው። ግን አንተን... ዘጠኝ ወር ተሸክሜ... አሁን ደግሞ አንተ... ተሸከምከኝ።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "እህትህን ታኮርፋለህ... አማችህን ታኮርፋለህ... ታኮርፋቸው። እኔን ግን... ምን አደረግሁህ?"

ከወዲያ ማዶ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። ዘግቶታል ብዬ ነበር። ከዚያ የሰው ድምፅ፣ ታፍኖ። ሳቀ ይሁን አለቀሰ ለመለየት ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ።

"እማዬ" አለ፤ "ማሽኑ ይሰራል?"

"ይሰራል።"

"አሰሚኝ እስቲ።"

አማቴ ስልኩን ወደ ማሽኑ ሊዘረጉ ሞከሩ፤ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ተቀበልኳቸው። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ስልኩን ማሽኑ ጎን ያዝኩለት። አማቴ አተራቸውን መፈልፈል ቀጠሉ። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩለት፤ ከዚያ በሌላው ክንዴ ያዝኩለት፤ እሱም አልዘጋውም።